ምራቂ፦ አያኩቾ ስትሄዱ የት ትበላላችሁ?

የዕለቱ ንባብ፦ ሩት 2፥14–18፤ ሉቃስ 6፥38



እኛ እዚህ አሜሪካ የምናመልክበት ሕንጻ የራሳችን አይደለም። እሑድ ጠዋት ስፓኒሽ ተናጋሪ ወገኖች ይሰበሰቡበታል፤ እነሱ ሲወጡ እኛ እንገባለን። በደጃፍ እየተላለፍን፣ ወንበር እየተቀባበልን ዓመታት አስቆጥረናል። ከእነሱ መካከል ከፔሩ ደጋማ ከተማ ከአያኩቾ የመጡ ባልና ሚስት ከቤተሰቤ ጋር ተወዳጁ። ባለፈው ዓመት ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ሲነሡ "አብረኸን ና" አሉኝ፤ ሄድኩ፤ ዐሥራ ሁለት ቀንም ቆየሁ።

ከተመለስኩ ወዲህ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ለመሆኑ እዚያ ምን ይበላል? የትስ ይበላል?" ይሉኛል። ሐበሻ ነንና አልፈርድባቸውም። በተለይ አሁን ከሁለቱ ጉባኤዎች የተውጣጡ ወጣቶች ለመሄድ እየተዘጋጁ ስለሆነ፣ ጥያቄውን በደንብ ልመልሰው ብዬ ተነሣሁ። ስለ ምግቡ ስጽፍ ግን አንድ ቃል እየደጋገመ ይመጣብኛል። ቃሉ በኬችዋ ቋንቋ "ያፓ" ይባላል። በእኛ አማርኛ ምራቂ ማለት ነው።

ከተማዋን ለማታውቋት

አያኩቾ ከባሕር ወለል በላይ 2,761 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ከፍ፣ ከደብረ ብርሃን ጥቂት ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ከሊማ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በአውቶቡስ ግን የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1540 የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ አሮጌ ስሟ ሁዋማንጋ ነው፤ የከተማዋ ሰዎች ዛሬም በዚህ ስም ይጠሯታል። በዲሴምበር 9 ቀን 1824 በአቅራቢያዋ ባለው በኪኑዋ ሜዳ የተደረገው ውጊያ፣ በደቡብ አሜሪካ የስፔንን አገዛዝ የሰበረ የመጨረሻው ታላቅ ጦርነት ነበር። ሲሞን ቦሊቫር ከተማዋን አያኩቾ ብሎ የሰየማት ከዚያ በኋላ ነው።

"አያ" በእኛ ዘንድ የታላቅ ወንድም መጠሪያ ነው፤ በኬችዋ ግን ሙት ማለት ነው። "ኩቹ" ደግሞ ጥግ ነው። ስለዚህ ስሟ ብዙ ጊዜ "የሙታን ጥግ" ተብሎ ይተረጎማል። ይህንን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቆላ ከሆነ አገር የምትሄዱ ሰዎች የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ አሳልፉ። ከበድ ያለ ምግብ አትብሉ። "ካልዶ ደ ጋይና" የሚሉት የዶሮ ሾርባ አለ፤ ለደከመ መንገደኛ ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። ከላዩ "ሙኛ" የተባለውን የተራራ ቅጠል ሻይ ጠጡበት፤ ጠረኑ ናና ይመስላል፤ ሆድንም ያረጋጋል። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን።

ጠዋት፦ ገበያው

ቁርስ በሆቴል አትብሉ። ከዋናው አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ፣ ከድንጋይ ቅስቱ አልፋችሁ፣ በሳንታ ክላራ ገዳም አጠገብ ያለውን ማዕከላዊ ገበያ ታገኛላችሁ። እዚያ ግቡ። መጀመሪያ የዳቦ ሽታ ይቀበላችኋል። የአያኩቾ ዳቦ "ቻፕላ" ይባላል፤ ክብ ነው፤ አኒስ የሚባል ቅመም ይገባበታል፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ እንደ ኪስ ይከፈታል። አቮካዶ ወይም ትኩስ አይብ ይሞሉበታል።

ከዚያ ወደ ድንቹ እለፉ። "ካፕቺ" የሚባለው ምግብ ለእኛ ሰው የተሠራ ይመስላል፦ ትኩስ አይብ በሚያቃጥል ቃሪያና በቅጠላ ቅጠል ይታሽና በተቀቀለ ድንች ላይ ይደረጋል። አይብ በሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድንቹ ራሱ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር ማለት ይቻላል። የድንች እናት አገር አንዲስ መሆኑን የምታስታውሱት እዚያ ቆማችሁ ነው።

ብርዱን መቋቋም ለሚፈልግ "ሞንዶንጎ" አለ። የጨጓራና የበቆሎ ሾርባ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ ያድርና ማለዳ ይበላል። በተለይ እሑድ ማለዳ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይበላዋል። ናናውንና ቀይ በርበሬውን ጨምሩበት።

የወደድኩት ቦታ ግን የጭማቂ መደብሩ ነው። ሴቶቹ በፍራፍሬ ክምር መካከል በረድፍ ተቀምጠዋል። ገዢውን "ካሴሪቶ" ብለው ይጠሩታል፤ ገዢውም ሻጭዋን "ካሴሪታ" ይላታል። እኛ አገር ሻጩም ገዢውም እርስ በርስ "ደንበኛ" እንደሚባባሉት ማለት ነው። ፓፓያና አናናስ ተፈጭቶ አንድ ብርጭቆ ይሞላላችኋል። የቀረው በመፍጫው ውስጥ ይቆያል። ብርጭቆው ጎደል ሲል ሳትጠይቁ መጥታ የቀረውን ትሞላዋለች። "ያፓ" ትላለች። ለእሱ ሂሳብ የለውም።

እኛም አገር ድንች ሲመዘን "መርቂልኝ እንጂ!" እንላለን። ሻጭዋም አንድ ሁለት ጣል ታደርጋለች። ቋንቋችን እዚህ ላይ ያስደንቀኛል፤ አባት ልጁን የሚመርቅበትና ነጋዴ በሚዛኑ ላይ የሚጨምርበት ቃል አንድ ነው። በረከት ማለት ከተገባው በላይ የተጨመረ ነው ብሎ ያመነ ሕዝብ ነው ቃሉን እንዲህ ያዋለው።

ምሳ፦ ቀዩ ወጥ

በፔሩ ምሳ ዋናው ማዕድ ነው። በየመንገዱ "ሜኑ" የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ይህ እኛ እንደምናውቀው የምግብ ዝርዝር አይደለም፤ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ሾርባ፣ ዋና ምግብና የሚጠጣ ነገር አብሮ የሚቀርብበት ምሳ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪውና ሾፌሩ የሚበሉት ይህንን ነው። ርካሽም ጥሩም ነው። የትኛው ቤት እንደሚሻል ለማወቅ ቀላል ነው፤ በሰባት ሰዓት ወንበር የታጣበትን ቤት ምረጡ።

ስትገቡ በመንገዳችሁ ለተቀመጡት ሁሉ "ፕሮቬቾ" በሉ፤ ምግቡ ይስማማችሁ እንደማለት ነው። በእኛ ባህል የሚበላው ሰው ነው ላለፈ ላገደመው "እንብላ" የሚለው፤ በእነሱ ደግሞ የሚያልፈው ሰው የሚበላውን ይባርካል። በማያውቁት ሰው ማዕድ አጠገብ ዝም ብሎ አለማለፍ ላይ ግን ሁለታችንም እንስማማለን።

የአያኩቾን ዋና ምግብ ለመቅመስ "ፑካ ፒካንቴ" እዘዙ። ፑካ በኬችዋ ቀይ ማለት ነው፤ እኔ በልቤ ቀይ ወጥ አልኩት። ድንች በቀይ በርበሬና በተፈጨ ኦቾሎኒ ይሠራል፤ ቀለሙን ለማድመቅ ብዙዎች ቀይ ሥር ይጨምሩበታል። ከሩዝና "ቺቻሮን" ከሚሉት የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ይቀርባል። በአደባባዩ ላይ ሰገነት ያለው "ቪያ ቪያ"፣ በቤዪዶ መንገድ ያለው "ላ ካሶና"፣ እንዲሁም በ28 ደ ሁሊዮ መንገድ ላይ ያለው "ሳን ክሪስቶባል" የተባለው የድሮ ግቢ ለእንግዳ የሚመቹ ናቸው። በግቢው ውስጥ ከምግብ ቤቶቹ ጋር የእጅ ሥራ መሸጫዎችም አሉ።

አሳማ ሲባል ፊታችሁ እንደተለወጠ ይታየኛል። ብዙዎቻችን በወንጌል ነጻ እንደሆንን ብናምንም፣ ካደግንበት ባህል የተነሣ አይወርድልንም። መጨነቅ አያስፈልግም። "ሲን ቺቻሮን" ብትሉ ያለ ሥጋው ያቀርቡላችኋል፤ ወጡ ብቻውን ይበቃል። ጳውሎስ በሮሜ 14 እንዳስተማረን የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፤ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህንን ትምህርት በተግባር የምታዩበት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ከዚያ የሚከብደው "ኩይ" ነው። በየቤቱ ጓዳ የሚረባ፣ ጥንቸል የሚመስል ትንሽ እንስሳ ነው፤ ሳይቆራረጥ ሙሉውን ተጠብሶ ይመጣል። በኩስኮ ካቴድራል ማርኮስ ሳፓታ በ18ኛው መቶ ዘመን በሣለው የመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ፣ በጌታ ፊት ባለው ሳህን ያለው ኩይ ነው እየተባለ ለጎብኚዎች ይነገራል። ምግብ ቤት ከሆናችሁ የማዘዝና ያለማዘዝ ነጻነቱ የእናንተ ነው። ሰው ቤት ከሆናችሁ ግን አስቡበት። ኩይ የሚታረደው ለክቡር እንግዳ ነው፤ እናቶቻችን ለእንግዳ ዶሮ እንደሚሠሩት። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ያቀረቡላችሁን ብሉ ማለቱ (ሉቃስ 10፥8) የምግብ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። የሰውን ክብር መቀበል መቻልም የወንጌል ሥራ ነው። እኔ በልቻለሁ፤ ጣዕሙ ወደ ዶሮ ጭን ያደላል።

ከሰዓት በኋላና ማታ

ፀሐይ ስትበረታ ወደ አደባባዩ ቅስቶች ሥር ሂዱ። "ሙዩቺ" የሚሸጡ ሴቶችን ታገኛላችሁ። በበረዶ ላይ የተቀመጠ የብረት ድስት በእጃቸው እያሽከረከሩ የሚሠሩት አይስክሬም ነው፤ ስሙም መሽከርከር ከሚለው የኬችዋ ቃል የመጣ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ይሸታል። ያለ ኤሌክትሪክ በክንድ ጉልበት የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ ቆማችሁ ስታዩ ዋጋው ያንሳል ትላላችሁ።

ስለ መጠጥ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። "ቺቻ" ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ እወቁ። "ቺቻ ደ ሆራ" ከበቀለ በቆሎ የሚጠመቅ ነው፤ እንደ ጠላ ቁጠሩት። "ቺቻ ሞራዳ" ግን ሐምራዊ በቆሎ ከአናናስ ልጣጭ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ተቀቅሎ የሚቀርብ ነው፤ አልኮል የለበትም። ያገኘኋቸው የኬችዋ አማኞች የመጀመሪያውን አይጠጡም፤ ሁለተኛውን በማሰሮ ያቀርባሉ። ስታዙ "ሞራዳ" ማለቱን አትርሱ።

ማታ ይበርዳል። በየመንገዱ ዳር ከተቀጣጠለ ከሰል ላይ "አንቲኩቾ" ይጠበሳል፤ የበሬ ልብ በቅመም ታሽቶ በእንጨት የተሰካ ነው። በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጡ ቤቶችም እስከ ምሽት ክፍት ናቸው። ለሙቀት ከገብስና ከተልባ የሚፈላ "ኤሞሊየንቴ" አለ፤ ተልባ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። "ፖንቼ" የሚባለው ደግሞ ወተት፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ያለበት ትኩስ መጠጥ ነው፤ አንዳንዶች ፒስኮ የተባለ አረቄ ስለሚጨምሩበት "ሲን ፒስኮ" ብላችሁ እዘዙ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የከተማው ሰው ወደ አኩቺማይ ኮረብታ ይወጣል፤ ወይም በኮንቾፓታ ሠፈር ወዳሉት ሰፊ ግቢ ያላቸው ምግብ ቤቶች ይሄዳል። ዕድል ካገኛችሁ "ፓቻማንካ" እዩ። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በእሳት የጋለ ድንጋይ ይገባበታል፤ በቅመም የታሸ ሥጋ፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና ባቄላ ይደረደራል፤ ከዚያ በቅጠልና በአፈር ይከደናል። ሲከፈት ሁሉም ሰው ጉድጓዱን ከቦ ይቆማል። ከምድር ውስጥ ትኩስ ምግብ ሲወጣ ማየት ለእኔ ስብከት ነበር።

በትንሣኤ በዓል ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። ከተማዋ በዚያ ሳምንት ከመላው አገሪቱ በሚመጣ ሰው ትሞላለች።

የተዘጋው ገበያ

እስካሁን የነገርኳችሁን የጉዞ መጽሐፍም ሊነግራችሁ ይችላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ሳታውቁ በዚያ ከተማ ማዕድ ላይ እንድትቀመጡ አልፈልግም።

"የሚያበራ መንገድ" የተባለው የኮሚኒስት ታጣቂ ቡድን በሜይ 1980 ጦርነቱን የጀመረው በአያኩቾ ክፍለ ሀገር በምትገኝ ቹስቺ በምትባል መንደር የምርጫ ሣጥኖችን በማቃጠል ነው። መሪው አቢማኤል ጉዝማን በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር ነበረ። ቡድኑ በተቆጣጠራቸው የገጠር አካባቢዎች ገበሬው ትርፍ እንዳያመርት፣ ወደ ከተማም እህል እንዳያወርድ ከለከለ፤ ሳምንታዊ ገበያዎችን ዘጋ። የመንግሥት ጦር ደግሞ በበኩሉ ሕዝቡን በጅምላ ጠርጥሮ ያዘ፣ ገደለ፣ ሰወረ። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1980 እስከ 2000 ባለው ጊዜ የሞቱትንና የተሰወሩትን 69,280 ገደማ አድርጎ ገምቷል። ከዐሥሩ አራቱ የአያኩቾ ሰዎች ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኬችዋ ወይም ሌላ የአገሬው ነባር ቋንቋ ነበረ።

አማኞችም በሁለት እሳት መካከል ነበሩ። በኦገስት 1984 በዋንታ አቅራቢያ በካልኪ፣ የባሕር ኃይል ወታደሮች በአምልኮ ላይ ከነበሩ የፕሪስቢቴሪያን ምእመናን መካከል ስድስቱን አውጥተው ገደሏቸው። የአያኩቾ ኬችዋ መጽሐፍ ቅዱስ በ1987 እንዲወጣ ከደከሙት አንዱ የነበረው ሮሙሎ ሳውኜ በሴፕቴምበር 1992 በታጣቂዎቹ እጅ በመንገድ ላይ ተገደለ። አያቱም ከእሱ ቀደም ብለው በእነዚያው እጅ አልፈዋል። በደርግ ዘመን በጓዳ ያመለኩ ወላጆች ያሉን እኛ ይህንን ስንሰማ ሩቅ አገር አይመስለንም።

በዚያው ዘመን፣ በ1983፣ ልጆቻቸውና ባሎቻቸው የተወሰዱባቸው የአያኩቾ ሴቶች ተሰባስበው አንፋሴፕ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ከመሪዎቹ አንዷ ማማ አንሄሊካ የሚባሉት አንሄሊካ ሜንዶሳ ናቸው። ልጃቸው አርኪሜደስ በዚያ ዓመት ከቤቱ ተወሰደ። እናቱ በ2017 እስካረፉ ድረስ ፈለጉት፤ አላገኙትም። እነዚህ እናቶች አስከሬን ፍለጋ ሸለቆ ለሸለቆ እየተንከራተቱ ሳለ ከተማዋ ወላጅ ባጡ ልጆች ተሞላች። እናቶቹም ድስት ጣዱ። ለልጆቹ የምግብ ቤት ከፈቱ፤ በአርጀንቲናዊው የሰላም ኖቤል ተሸላሚ በአዶልፎ ፔሬስ ኤስኪቬል ስም ሰየሙት። የራሳቸውን ልጅ ያላገኙ ሴቶች የሌላውን ልጅ አበሉ።

የወዳጄ አክስት በገበያው የጭማቂ መደብ አላቸው። እኔን "ኤርማኖ"፣ ወንድሜ፣ ይሉኛል፤ እዚያም የወንጌል አማኞች እንደኛው ወንድም እህት ነው የሚባባሉት። እኔም እንደ አገሩ ልማድ "ማማይ" እላቸው ነበር። በየጠዋቱ አንድ ነገር አየሁ። ጫማ የሚጠርጉ ልጆች ሲመጡ የአንድ ብርጭቆ ዋጋ ከሁለት ሦስት ልጆች ይቀበላሉ፤ ያፓው ግን ለእያንዳንዱ ሙሉ ብርጭቆ ነው። አንድ ቀን "ማማይ፣ እንዲህ እየሆነ ምን ይተርፍዎታል?" ብዬ በወዳጄ አስተርጓሚነት ጠየቅኋቸው።

ብርጭቆ ማጠባቸውን አላቆሙም። "አባቴን የወሰዱት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው" አሉ። "እናቴ ከመንደር ይዛኝ መጣች። በእናቶቹ ምግብ ቤት ነው የበላሁት። የማን ልጅ ነሽ፣ አባትሽ ከየትኛው ወገን ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሳህኔን ሞሉልኝ። ስጨርስ ደግሞ ጨመሩልኝ።" ከዚያ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

የሚዛኑ ልክ

እስቲ ሩትን እናስብ። የቤተሰቧን ወንዶች ሁሉ ሞት ወስዶባታል። ከአማቷ ጋር በባዶ እጅ ወደ ባዕድ አገር መጥታለች። ቦዔዝ በምሳ ሰዓት ወደ ማዕዱ ጠራት፤ በላች፣ ጠገበች፣ ተረፋትም። ቦዔዝ ግን በዚህ አላበቃም። ለሠራተኞቹ ከነዶው እያወቁ ዛላ እንዲጥሉላት አዘዘ። ለመቃረሚያ የተተወው የሕጉ ድርሻ ነበረ፤ ተመዝዞ የተጣለው ዛላ ግን ምራቂ ነው። ሩትም የተረፋትን ምሳ ቋጥራ ለኑኃሚን ወሰደች። ከምራቂው ላይ ሌላ ምራቂ ወጣ። ከዚያ ቤት የዳዊት አያት፣ ከዳዊት ዘርም ጌታችን መጣ።

ጌታም በሉቃስ 6፥38 ያሳየን ሥዕል የገበያ ሥዕል ነው። እህል የሚሰፍር ሰው፣ ላዳኑን ነቅነቅ አድርጎ፣ ጠቅጥቆ፣ እስኪፈስ ድረስ ሲሞላው ይታየኛል። ሰማያዊ አባታችን በሚዛን ጫፍ ላይ ጣቱን የሚያስቀምጥ ነጋዴ አይደለም። የኃጢአታችን ይቅርታ ብቻ እንኳ ከተገባን በላይ ነበረ፤ እሱ ግን ልጅነትን ጨመረልን፣ መንፈሱን ጨመረልን፣ ወገን ጨመረልን። ብርጭቆው ጎደል ሲል ሳንጠይቅ ስንት ጊዜ ሞላልን?

አንድ ጥያቄ በአያኩቾ ሲያስጨንቀኝ ነበር። ይህን ያህል ሰው ባለቀበት፣ "የሙታን ጥግ" በተባለ ቦታ ተቀምጦ ምግቡ ይጣፍጣል ማለት ተገቢ ነው ወይ? ወዳጄ የመለሰልኝን አልረሳም፤ "ገበያችንን ዘግተውብን ነበር። አሁን ተከፍቷል። መጥተህ ስትበላ ደስ ይለናል" አለኝ። ከሙታን የተነሣው ጌታችንም ለፈሩት ደቀ መዛሙርቱ ቁስሉን ካሳያቸው በኋላ የሚበላ ነገር እንዳላቸው ጠየቃቸው፤ በፊታቸውም ዓሣ በላ (ሉቃስ 24)። ቁስሉን አልደበቀም፤ ማዕዱንም አልተወም። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ለምትሄዱ ወገኖች ምክሬ ይህ ነው። ከጠዋቶቻችሁ አንዱን ለአንፋሴፕ የመታሰቢያ ሙዚየም ስጡት፤ እናቶቹ በ2005 የከፈቱት ነው። የተሰወሩትን ሰዎች ልብስና ፎቶግራፍ እዩ፤ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከዚያ ወደ ገበያው ሂዱና ብሉ። የኬችዋ ሰላምታ ጥቂት ቃላት ተማሩ፤ "አሊያንቹ" ስትሉ የሻጮቹ ፊት ይፈታል። በዋጋ አትከራከሩ። ጭማቂውን ጠጥታችሁ ያፓው ሲመጣ በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ።

ለማትሄዱትም ጥያቄው አለ። በሰፈራችን ምግብ ቤት ሳህን የሚያነሣልንን ሰው ስም እናውቃለን? ከእኛ በፊት በዚሁ ሕንጻ የሚያመልኩትን ወገኖች ወንበር ከመቀባበል አልፈን በማዕዳችን አስቀምጠናቸዋል? አዲስ መጤ ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ "የማን ወገን ነህ? ከየት ነህ?" ከማለታችን በፊት ሳህኑን እንሞላለታለን? ዐሥራታችንን እንከፍል ይሆናል፤ የወንበር ኪራያችንንም እንከፍላለን። እሱ የሚዛኑ ልክ ነው። ከልኩ ያለፈው ምራቂያችን የት ነው?

እንጸልይ

አባት ሆይ፣ ከተገባን በላይ ስለጨመርክልን እናመሰግንሃለን። ዛሬም ልጆቻቸውን የሚፈልጉትን የአያኩቾ እናቶች፣ በአገራችንም በየቤቱ የተወሰደ ሰው የሚጠብቁትን አስብ። በማዕዳችን ላይ ባዶ ወንበር እንድናኖር፣ ለሚቀመጥበትም ሳንጠይቅ እንድንሞላለት እጃችንን ፍታ። የምንሰጠው ከአንተ የተቀበልነውን መሆኑን አንርሳ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።